ቀዩ ጠርዝ ወደ ግራ

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ግድግዳው ሻገተ፤ ሥራ ጠፋ። ሰው የተበላሸ ራዲዮውን ከማሠራት መጣል ቀለለው። በራዲዮ ሠሪው ሱቅ የሚበላው አንሶ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው በዛ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ራዲዮ ሠሪው ራሱ ሞተ።

መርማሪው ጠዋት ሲደርስ ሬሳው ከጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተዘርሯል። የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ከሻጋታው ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። የሁለት እጁ ጣቶች ጠቁረዋል። ዝንብ አፉ ላይ ታርፋለች፤ እሽ የሚላት የለም። መርማሪው መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ሸፈነለት። ፊቱን ያውቀዋል። መርማሪው ወጣት ፖሊስ ሳለ ባላጠፋው ጥፋት ሊታሰር ሲል፣ ሌላው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ፣ «እኔ አይቻለሁ፤ እሱ አይደለም» ብሎ የቆመለት ይህ ሰው ነበር። ውለታው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ጠረጴዛው ላይ ራዲዮ ሠሪው ሥራ ሲፈታ የገጣጠመው ማሽን አለ። ዕቃው ተበታትኖ በካርቶን የሚመጣ፣ የገዛው ሰው በገዛ እጁ እየበየደ የሚሠራው ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ቁጥር የሚበራበት መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ሥር በብረት ሳህን ላይ የተደረደሩ ቁልፎች። ፊቱን ወደ ባለቤቱ ወንበር አዙሮ ከጠረጴዛው ጋር በብሎን ታስሯል።

«ተሳስቶ ራሱን ገደለ» አለ የጣቢያው አስር አለቃ። «የግድግዳውን መብራት ከብረት ሳህኑ ጋር አገናኝቶታል። ካልሆነም ሚስትየዋ ናት። ማብሪያውን የጫነችው እሷ ናት፤ አልካደችም። ይዣት ልሂድ?»

«ቆይ።»

ሚስቲቱ በባሏ ወንበር ላይ ኩርምት ብላለች። ቀኝ እጇን እንደ ቆሻሻ ነገር ከራሷ አርቃ ይዛዋለች።

«ማብሪያው ከጓዳው በር ኋላ ነው፣ ሻምበል። ጠዋት ጠዋት ‹አብሪልኝ› ይለኛል፣ አበራለታለሁ። ዛሬም አለኝ፤ አበራሁ። ከዚያ ጮኸ... ይህን እጄን ይቁረጠው!»

«ማሽኑን ነክተውት ያውቃሉ?»

«ምን ቆርጦኝ! ሽቦውን የነካ ሰው አለቀለት። ‹ሲሰካ ቀዩ ጠርዝ ወደ ግራ!› እያለ ሲጮህ ጎረቤት ይሰማል። የቤታችን ድመት እንኳ ያንን ታውቃለች።»

«ትናንትስ ይሠራ ነበር?»

«አሳየን እኮ፣ ማታ፣ ለሦስታችንም። አራትን ሲነካ አራት በራ። እንደ ሕፃን ሳቀ።»

ከሦስቱ ሁለተኛው የሷ ወንድም ነው፤ ከጓዳ የሚተኛ፣ መጠጥ የሚሸት ወፍራም ሰው።

«እኔን ነው የምትጠረጥረው? እንኳን ሰው ልገድል፣ ዶሮ ሲታረድ እደነግጣለሁ።»

«ስትበላስ?»

«ስበላ አልደነግጥም።»

«ወንበሩ ላይ ያለው የሲጋራ ቃጠሎ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ። እሱ ሲወጣ እግሬን ጠረጴዛው ላይ ሰቅዬ አሸልባለሁ። ሲመጣ በጥፊ ያስነሳኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሞኑን ግን የሚቆጣው ያንን ‹ዝምታው› የምንለውን ሰውዬ ነበር። ‹ራስህ ንገራቸው፤ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ። ምኑን እንደሆነ እንጃ።»

ዝምታው የሟቹ የሥራ ባልደረባ ነው። የሱቁ ሁለተኛ ቁልፍ እሱ ጋ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከሟቹ ወንበር ፊት ለፊት፣ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። እጁ ንጹሕ ነው፤ ጥፍሩ የተከረከመ።

«ዕድሜዬን እዚህች በርጩማ ላይ ፈጀሁ፣ ሻምበል። ይህን ማሽን ግን አልነካሁም። የጋሼ ዓይን ደክሞ ነበር። ተሳስቶ ነው። ነፍስ ይማር።» እንባ የሌለበትን ዓይኑን ጠረገ።

መርማሪው ከበርጩማው በኩል ያለውን መሳቢያ ሳበ። ከሰው ራዲዮ የተነቀሉ፣ እግራቸው ላይ የድሮ ብየዳ ያለባቸው ደህና ደህና ዕቃዎች ሞልተውበታል። መሳቢያውን ዘጋው።

ከዚያ ማብሪያውን አጥፍቶ፣ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ገዳዩን ሽቦ ከሳህኑ ሥር አወጣ። ማሽኑን በባትሪ ድንጋይ አስነሳው። መስኮቱ በራ። የበራው ግን ቁጥር አልነበረም፤ የተቆራረጠ ጭረት ነው። አራትን ነካ። ጭረቱ ሌላ ጭረት ሆነ። ክዳኑን ከፈተ። ሁለት ጠፍጣፋ ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ወደ መስኮቱ፣ አንዱ ወደ ቁልፎቹ የሚሄድ። የሁለቱም አንድ ጠርዝ ቀይ ነው። የሁለቱም ቀይ ከባለቤቱ ወንበር ሲታይ ወደ ቀኝ ዞሯል።

ነቅሎ ገለበጣቸው። አራትን ነካ። አራት በራ።

ሚስቲቱ አፏን ያዘች።

«ሁላችሁም ወደዚህ ኑ» አለ መርማሪው። «ተራ በተራ በዚህ ወንበር ተቀመጡ።»

ሚስቲቱ ተቀመጠች፤ ተነሣች። ወንድሟ ዘፍ አለበት። ዝምታው ቆሞ ቀረ።

«አንተስ?»

«አይ... የጋሼ ወንበር ነው። ተቀምጬበት አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ትናንት ማታ ማሽኑ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ተከፍቷል። ሽቦውን ከሳህኑ ሥር ለማስገባት ሁለቱ ጠፍጣፋዎች መነቀል አለባቸው። የነቀላቸው ሰው ቀዩን ወደ ግራ አድርጎ መለሳቸው፤ ሕጉን ጠብቋል። የጠበቀው ግን በራሱ ግራ ነው፤ ከማዶ ሆኖ። ማሽኑ የታሰረ ስለሆነ አይዞርለትም። ሚስቱ ብትሆን እዚህ ወንበር ላይ ሆና ትሠራው ነበር። ይህ ሰካራምም እንዲሁ። ከበርጩማው የማይነሣው አንድ ሰው ነው።»

«ግምት ነው» አለ ዝምታው።

«መሳቢያህ ግምት አይደለም። የደንበኛን ደህና ዕቃ እየነቀልክ የበሰበሰ ትተክላለህ። ደረሰብህ። ይፋ ሊያወጣህ ነበር።»

«ክረምቱን ምን ልብላ?» አለ ዝምታው በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «እሱ በዚያ መጫወቻው ይስቃል። እኔ ምን ልብላ?»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል ሰምቻለሁ። ወንበሩን ፈርቶ ሰውየውን ግን ዛሬ አየሁ» አለ መርማሪው። «ወንበሩን አክብረህ ሰውየውን ገደልክ። ያውም በገዛ ሚስቱ እጅ።» ሊተፋ ፈለገ፤ ሬሳው ስላለ ዋጠው። «ውሰደው፣ አስር አለቃ። ፊቱን አልየው።»

ሲወስዱት ሚስቲቱ አላየችውም። የምታየው ቀኝ እጇን ነው። መርማሪው እጇን ያዘና በሁለት መዳፉ መካከል አቆየው።

«ይህ እጅ መብራት አበራ። ሌላ ምንም አላደረገም።»

በዚያ ጠዋት መጀመሪያ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

መርማሪው ከሬሳው አጠገብ በርከክ አለ። ከመሐረቡ ላይ ዝንቧን እሽ አላት።

«አይቻለሁ፣ ወንድሜ» አለው። «እሷ አይደለችም። አንተም አልተሳሳትክም።»