አንድ መቀስ የጎደላት እህቴ

በእኛ ቤት ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው፤ መርፌ ሲወድቅበት ተንበርክኮ የሚፈልገው እሱ፣ ቆሜ የማገኘው እኔ ነኝ። ትምህርቱን ከአምስተኛ ክፍል ብተወውም ነገር አንዴ ከተነገረኝ ይገባኛል፤ ከገባኝ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ አስረዳለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ታናሽ እህቴን ጭራ እላታለሁ፤ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ አትጠፋማ። አምስት ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፀሐይ ትንሽ ካገኛት ፊቷ ያብጣል፣ ዓይኗ ያለቅሳል። ቆይቶ ጉንጯ ላይ ቀለም የተረጨባት ይመስል ነጠብጣብ ሞላ። የአባዬ እህት፣ አክስቴ፣ "ፀሐይ ስላልለመደች ነው፤ አውጥታችሁ አስጧት፣ ቆዳዋ ይጠነክራል" ትል ነበር። እኛም እንደታጠበ ልብስ እናሰጣት ነበር።

አፍንጫዋ ጫፍ ላይ እብጠት ወጥቶ አልድን ሲል ሐኪም ቤት ወሰድናት። ዶክተሯ አገላብጠው አዩዋት፤ ከእብጠቱም ቅንጣት ወስደው ለምርመራ ላኩ። ከዚያ አባዬን ሥራውን ጠየቁት።

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"እንግዲያው ቶሎ ይገባሃል" አሉት። "በሰውነታችን ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ነገር አለ። አንዱ በሌላው ላይ የተጠመዘዘ ሁለት ክር በለው። ፀሐይ ይህን ክር ታበላሸዋለች፤ የእኔንም ያንተንም። ግን ኢንዛይም የሚባሉ ጥቃቅን ጠጋኞች አሉን። አንዱ የተበላሸውን ቦታ ፈልጎ ያገኛል። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ክሩን ይቆርጣሉ። የተበላሸው ቁራጭ ሲወጣ፣ ሌላው ጤነኛውን ክር እያየ ክፍተቱን ይሞላል። የመጨረሻው ይሰፋዋል።"

"መቀስ አላቸው?" አልኩ። ዝም ማለት አይሆንልኝም።

"መቀሱ እነሱ ራሳቸው ናቸው። ተጣጥፎ የተጠቀለለ ፕሮቲን ነው። ክሩ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ እዚያ ውስጥ ክሩን ለመበጠስ የምታግዝ የማዕድን ቅንጣት ተቀምጣለች። እንደ ምልክቶቿ ከሆነ የእህትሽ አንደኛው መቀስ ቅርጹ ሲሠራ ተበላሽቷል። አይቆርጥም።"

አባዬ ሁለት ጣቶቹን እንደ መቀስ ገጥሞ፣ "በአንድ ጎኑ ብቻ የተቆረጠ እራፊ ተጎትቶ አይወጣም" አለ።

"አይወጣም። ብልሽቱ እየተጠራቀመ ካንሰር ይሆናል። መቀሱን የምንሠራበት መድኃኒት የለንም። ከፀሐይ መጠበቅ ግን እንችላለን።"

እማዬ ጭራን እቅፍ አድርጋ ያዘቻት፤ ልጅቷ "አሳመምሽኝ" እስክትል ድረስ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። መስኮቶቹ ላይ ጨረር የሚከለክል ላስቲክ ለጠፍን። ጭራ ቀን ከወጣች በባርኔጣ፣ በመነጽርና በረጅም እጅጌ ሆነ። እማዬ በር በተከፈተ ቁጥር ትደነግጣለች። አክስቴ ደግሞ በመጣች ቁጥር ትሳለቃለች፤ "ሌባ ነው የደበቃችሁት?" እያለች።

የምርመራው ውጤት የሚሰጥ ቀን አባዬና እማዬ ሐኪም ቤት ሄዱ። እማዬ ከደጅ ሁለቴ ተመልሳ፣ "ዓይንሽን ከእሷ እንዳትነቅይ" አለችኝ።

"ኧረ ሂጂ እማዬ! እኔ እያለሁ?"

እነሱ እንደወጡ ከቤታችን ፊት ወዳለው የአባዬ ሱቅ ሱሪ ሊያሳጥር አንድ ደንበኛ መጣ። "ሱቃችሁ ምነው ጨለመ?" አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ ዝም ይባላል? የአባዬን ጠመኔ አነሳሁና መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ክር ሳልኩለት። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። ሁለተኛው መቀስ ላይ ስደርስ ቀሚሴን የሚጎትተኝ ሰው እንደሌለ ታወቀኝ።

ጠመኔውን ጥዬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አክስቴ በጓሮ በር ገብታ ኖሯል። ጭራን ምንጣፍ ላይ አስቀምጣታለች፤ ባርኔጣ የለ፣ መነጽር የለ፣ እጅጌዋ እስከ ትከሻ ተጠቅልሏል። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

"አክስቴ! ምን ሆነሻል?"

"ምን ሆንኩ? ልጅ እንደ ድንች ጓዳ ይከማቻል? አጥንቷ ሊለሰልስ ነው!"

"ለአጥንቷ ጠብታ ታዞላታል!"

"ጠብታ! እኛ በጠብታ ነው ያደግነው?"

"ያንቺ መቀስ ይሠራላ!"

"መቀስ መቀስ አትበይብኝ። ይህ ነገር የመጣው ከእናትሽ ወገን ነው።"

"ከሁለቱም ነው ብለዋል ዶክተሯ። አባዬም ሳይታመም ተሸክሞታል። የእሱ እህት አይደለሽ? አንቺም ሊኖርብሽ ይችላል።"

አክስቴ የራሷን ክንድ አገላብጣ አየች። እኔ ጭራን በቀሚሴ ሸፍኜ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

እነ እማዬ ሲመለሱ ፊታቸውን አይቼ ውጤቱን አወቅሁ። ካንሰር ነበር፤ ግን ገና ትንሽ ስለሆነ በዚያው ሳምንት ተቆርጦ ይወጣል ተብሏል። በማግስቱ ግን የጭራ ፊት እንደ ሊጥ አብጦ ዓይኖቿ ተከደኑ። አክስቴ ራስጌዋ ተቀምጣለች።

"መሽቷል እንዴ?" አለች ጭራ።

እኩለ ቀን ነበር። አክስቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ዶክተሯም፣ "በተቃጠለ ቆዳ ላይ አልቆርጥም፤ እስኪያገግም እንጠብቅ" አሉ። ያ መጠበቅ ከምንም በላይ የከፋ ነበር። ሁላችንም ጠዋት ስንነሳ መጀመሪያ የምናየው የጭራን አፍንጫ ነው። አደገ? አላደገም? እማዬ አደገ ስትል አባዬ አላደገም ይላል፤ እሱ አደገ ሲል እማዬ ታለቅሳለች። አክስቴ ወደ ቤቷ መሄዱን ተወችው። "እኔ ነኝ ያዘገየሁባት" ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

በመጨረሻ እብጠቱ ተቆርጦ ወጣ። ዙሪያው ተመርምሮ ንጹሕ ነው ሲባል አክስቴ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ የጭራን ባርኔጣ የምትሰፋው እሷ ናት፤ ሰፊ ክፈፍ ያለው፣ አንገት የሚሸፍን። ጎረቤቶቹንም እየዞረች ሱቃችን የጠራቻቸው እሷው ናት። አስረጂዋ ግን እኔ!

ሱቁ ሞላ፤ ደጅ የቀሩትም እንዲሰሙ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። "ወገኖቼ" አልኩ ጠመኔዬን ይዤ፣ "ፀሐይ ለሁሉም ጠላት ናት አላልኩም። ግን ልጃችሁ በትንሽ ፀሐይ ከተቃጠለ፣ ገና በልጅነቱ ነጠብጣብ ከሞላው፣ ይልመድ ብላችሁ አታስጡት። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሐኪም ያዘዘውንም ዘመድ ስለሳቀ አትተዉት። ጠባቂም ከሆናችሁ ዓይናችሁን ለአፍታ አትንቀሉ፤ እኔን እዩኝ..."

ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አንድ ባርኔጣ ብቅ አለ።

"አንቺ፣ ወሬሽን ተይና በሩን ዝጊው! ፀሐዩ እግሬ ጋ ደረሰ።"