ሲሰርዝ የሚያተኩሰው ማሽን

«ይኸ ማሽን ሲጽፍ ደህና ነው። ሲሰርዝ ግን ያተኩሰዋል» ይላል ሽባባው፤ የኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ለገባ ሁሉ ይላል። ወሬው ከእንጅባራ መናኸሪያ አልፎ ግምጃ ቤት ገበያ ደርሷል። አንዷማ ጠበል ይረጭበት ብላ መክራለች።

ማሪቱ ባንኮኒውን ተደግፋ ደግማ ሰማችው። ስሟ ማሪቱ አይደለም። ለላካት የመርማሪዎች ቢሮ የምስጢር ስሟ «ቀርከሃ» ነው።

«የድሮ ቻርጀር አለ?»

«ጫፉ የተቆረጠ ነው ያለው» አለ ከጥገናው ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው ወጣት።

የይለፍ ቃሉ ትክክለኛ መልስ ነው፤ አደጋ የለም ማለት ነው። ፀጋው። ለቢሮው «ዋንዛ»። ሽባባው ጠጋኝ ብሎ ቀጠረው እንጂ ሌላ አያውቅም።

ማሽኑ ላይ የተሰካው ሃርድ ዲስክ ከመርማሪዎች የተሰረቀ ነው። ልጆቻቸውን በረሃ ላይ ያስፈጁ ደላሎችን ያጋለጡ የዳንግላ እናቶች ድምፅ አለበት። ሌባው «አልከፍት አለኝ፣ አስተካክሉልኝ» ብሎ ጥሎት ሄደ። የደላሎቹ አለቃ ጎሹ ዛሬ ሊወስደው ይመጣል። ድምፃቸውን ከሰማ ያውቃቸዋል። ከዚያማ የሚነፋው የዕድር ጥሩንባ ነው። ዲስኩን ይዞ መጥፋት ደግሞ ሽባባውን ማሳረድ ነው። ስለዚህ የቢሮው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ጎሹ ሳይደርስ ሰርዙት፤ ባዶውን ይውሰድ።

«ጠፍቷል» አለ ፀጋው፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ።

ማሪቱ እጇን ማሽኑ ላይ አሳረፈች።

ቀዝቃዛ።

እንደ ዘንገና ሐይቅ ውሃ ቀዝቃዛ።

አባቷ ፈረሰኛ ነበሩ። «ደርሼ መጣሁ» ለሚል መልእክተኛ መልስ አይሰጡም፤ እጃቸውን ከኮርቻው ሥር ይሰዳሉ። ፈረሱ ካላላበው ሰውየው ዋሽቷል። በሥልጠና ወቅት ፀጋው ራሱ ያላት ከዚህ አይርቅም፦ «መረጃ ሲሰረዝ ሙቀት ይወጣል፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ከቁንጫ ትንፋሽ ያንሳል። አሮጌ ማሽን ግን የራሱን ድካም ይጨምርበታል።»

ታዲያ ሙቀቱ የት ሄደ?

አልጠየቀችውም። እጇ የነገራትን ከሰው አፍ መለመን የጅል ነው።

ሸጦናል።

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ጎሹ ጋቢውን ጣል አድርጎ ገባ። ሁለት ጎረምሶች ተከተሉት።

«እንዴት ዋላችሁ። አደራዬስ?»

ሰርዞ ለመጨረስ ጊዜ ያስፈልጋል። በዚያች ሰዓት ጊዜ የሚገዛው በሰው ብቻ ነበር።

«ጋሼ» አለች ማሪቱ፣ እንደ ወሬኛ ደንበኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ቻርጀር ስመርጥ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ዋናውን ዳንግላ ደብቄዋለሁ፣ እዚህ ያለው ቀፎው ነው ሲል።»

ፀጋው ቀና ብሎ አያት።

መካድ ይችል ነበር። «እሷን ያዟት» ማለትም ይችል ነበር። ዝም አለ።

ጥፋተኛ ምን ይናገራል፣ አለች በልቧ።

«ተነስ የኔ ወንድም» አለ ጎሹ በለሰለሰ ድምፅ። «ዳንግላ ድረስ እየተጫወትን እንሄዳለን።»

አንዱን ጎረምሳ በረንዳው ላይ ዘበኛ ትቶ ወሰደው። መኪናው ወደ ዳንግላ ታጠፈ።

ሽባባው ጥግ ይዞ ይጸልያል። ማሪቱ ከጠረጴዛው ኋላ ገባች። ዲስኩ ውስጥ ያለውን ልይ አላለችም። ከዳር እስከ ዳር እንዲደመሰስ አዘዘችው። ማራገቢያው ያቃስት ጀመር። ቆርቆሮው ሞቀ፤ ጋለ።

አሁን ላበው።

ሲጨርስ ሲም ካርዷን ሰበረች፤ ነጠላዋን ተከናነበች። እናቶቹ ይድናሉ። ማሪቱ የምትባል ሴት ደግሞ ከእንግዲህ እንጅባራ ውስጥ የለችም። ዘበኛው ቻርጀር ይዛ ከምትወጣ ሴት ምን ይፈልጋል?

ሽባባው ተጠጋ። ማሽኑን ነክቶ እጁን መንጭቆ አነሳ።

«ኧረ እህቴ፣ ደግሞ አተኮሰው! ጠዋት ሱቁን ስከፍትም እንዲሁ ነድዶብን፣ ፀጋው መስኮቱን ከፍቶ በስንት መከራ አበረደው። የሚመጡት ሰዎች ቢነኩት ይጠረጥራሉ ብሎ።»