ለጽዮን ክፍል የተገዛው እንጨት

ሻጩ ቁጢጥ ብሎ የመደብሩን ወለል በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገ። ሔርሞን እጆቿን ጃኬቷ ኪስ ከትታ ታዳምጠዋለች። ጽዮን ከኋላዋ ቆማለች። እንግሊዝኛው ስለማይገባት የምትከታተለው የሰውዬውን እጅ ነው።

ሰውዬው ከቤቱ ሥር ያለው ቤዝመንታቸው ውሃ ያስገባ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ሔርሞንም በረዶ ሲቀልጥ አንዱ ጥግ እንደሚረጥብ ነገረችው። ወለሉን መምታት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ለግድግዳው ማቆሚያ የሚሆነውን ተራ ነጭ እንጨት በቀጥታ ኮንክሪት ላይ እንዳታጋድሙት አላት። ኮንክሪት እርጥበት ስለሚስብ እንጨቱ ከሥር ይበሰብሳል፤ ከዚያ ግድግዳው ውስጥ ሻጋታ ይወጣል፤ ከውጭ ደግሞ ማንም አያየውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ብረቱ ይሻላል፤ አይበሰብስም፣ አይጣመምም። የግድ እንጨት ካሉም ወለሉ ላይ የሚጋደመው መድኃኒት የጠጣው አረንጓዴው ይሁን፣ ከሥሩም ፕላስቲክ ይነጠፍ። ለአባቷ በደንብ እንድትነግረው አስጠንቅቋት ተነሣ።

አባቷ ተሻገር እንዲጠይቁ ልኳቸው እሱ በሚቀጥለው መተላለፊያ እንጨት ይመርጥ ነበር። አንዱን ያነሣና ቀጥ ማለቱን በአንድ ዓይኑ ያያል፣ ይመልሰዋል፣ ሌላ ያነሣል። ሲደርሱ ፈገግ ያለው ለጽዮን ነው።

«ነይ እስቲ የኔ እመቤት፣ ክፍልሽ የሚሠራበትን አንቺ ምረጪ» አላት። ከዚያ ወደ ሔርሞን ዞረ። «እሺ፣ ምን አለ? እንጨት ነው ብረት?»

ሔርሞን ሁሉንም ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። አባቷ ለጽዮን «ክፍልሽ» ማለቱ ግን አስቆማት።

«የፈለጋችሁትን ውሰዱ ነው ያለው። ያው ነው አለ» አለች።

ተሻገር ርካሹን ነጭ እንጨት መጫን ጀመረ።

ይህን ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር ያለውን ቤት የገዙት ፓርክዴል ከሚባለው ሰፈር፣ ከጠባቡ አፓርታማ ሲወጡ ነው። ያኔ አባቷ ባዶውን ቤዝመንት አሳይቷት «ይሄ ሲሠራ ያንቺ ነው» ብሏት ነበር። ሔርሞን የቀለሙን ዓይነት ሳይቀር ወስና ጨርሳ ነበር። በበጋው ግን ጽዮን ከአዲስ አበባ መጣች። ተሻገር ከአገሩ ከመሰደዱ በፊት ከሌላ ሴት የወለዳት፣ አክስቷ ጋር ያደገች፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጁ ናት። ሔርሞን እስከዚያ ድረስ የምታውቃት በፎቶ ብቻ ነበር። ፎቶ ደግሞ የሰው ክፍል አይወስድም።

አባቷ ትልቋ ጽዮን ስለሆነች፣ አዲስ ቋንቋም ስለምታጠና፣ ጸጥ ያለ ቦታ ያስፈልጋታል አለ። ለሔርሞን የገባውን ቃል አላነሣውም። ማታ ማታ ጽዮን ቀልድ ስታወራ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ሔርሞን ግማሹ አይገባትም፤ እናቷ እስክታስረዳት ደግሞ ሳቁ ያልቃል። ሔርሞን ሳህን ሳታጥብ ብትተኛ ጠዋት ይጮህባታል። ጽዮን የሚወደውን ብርጭቆ ስትሰብር ግን «እንኳን እጅሽን አልቆረጠሽ» ብሎ ራሱ ጠረገው። ጽዮን አንገቷን ሰበር አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» ስትለው ሔርሞን ፊቷን አዞረች።

ከመደብሩ እንደተመለሱ ተሻገር ቤዝመንት ወርዶ እንጨቱን ይለካ ጀመር። እናቷ ያለምወርቅ ደረጃው መሃል ቆመች።

«እኔ እዚህ ሥር ልጅ አላስተኛም» አለች። «የጓደኛዬ የየሻሽወርቅ ልጅ አስም የያዘው ቤዝመንት ተኝቶ አይደለም?»

«አንቺ ባለፈው ሳምንት ማሞቂያው ይፈነዳል ብለሽ አላስተኛሽንም» አለ ተሻገር እየሳቀ።

«እስካሁን አልፈነዳም ማለት ነገ አይፈነዳም ማለት ነው?»

ሔርሞን ኩሽና ሆና ትሰማለች። እናቷ ሁሉን ነገር ስለምትፈራ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ዛሬ ግን ልክ ነበረች። ይህንን የምታውቀው ደግሞ ሔርሞን ብቻ ናት። ብትናገር አባቷ ምን እንደሚላት ታውቃለች፤ ዝም ብትል ጽዮን እዚያ ግድግዳ ሥር ትተኛለች።

ጽዮን ውሃ ልትጠጣ ከቤዝመንቱ ወጣች። ብርጭቆ ሞላችና ሳትጠጣ ያዘችው።

«ሰውዬው ምንድን ነው ያለው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«አትፎግሪኝ አቦ። ያን ሁሉ አወራ፣ ተቀምጦ መሬቱን መታ። አንቺ ለአባባ ስትነግሪው አንድ ትንፋሽ አልፈጀብሽም። እንግሊዝኛ ባልችልም ዓይን አለኝ።»

ሔርሞን በእንግሊዝኛ «ዋትኤቨር» ብላ ልታልፈው ነበር፣ ተወችው። «ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«እናትሽ ‹ገና ከመምጣቷ ልጄን ከአባቷ አጣላች› እንድትለኝ?»

«እማዬ እንደሱ አትልም።»

«አንቺን አትልሽም።»

ከታች መጋዙ ጮኾ ዝም አለ። ጽዮን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንቺን ሲቆጣሽ ቤቱ ይናወጣል። እኔን አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። ያን ብርጭቆ ስሰብርበት እንኳ። እንግዳ ነኝ ለሱ።» ውሃውን ወደ መታጠቢያው ደፋችው። «እውነቱን ልንገርሽ? እቀናብሻለሁ።»

ሔርሞን በዚህ ቤት ውስጥ የምትቀናው እሷ ብቻ የሆነች ይመስላት ነበር።

«ጽዮንዬ፣ ነይ ጫፉን ያዥልኝ፣ ልመታው ነው» አለ ተሻገር ከታች።

ጽዮን ልትወርድ ስትል ሔርሞን ቀድማት ወረደች። እናቷን አልፋ፣ አባቷ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ መዶሻውን ሲያነሣ ደረሰችበት።

«ዳዲ፣ ቆይ። እንዳትመታው።»

«ምን ሆንሽ?»

«ሰውዬው ያው ነው አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። ይሄ እንጨት እዚህ ይበላሻል።»

ተሻገር መጀመሪያ እንጨቱን፣ ቀጥሎ እሷን አየ። «ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«የሷ ክፍል ስለሆነ» አለች ሔርሞን፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነባት። «የኔ ነው ብለኸኝ ነበር።»

ከዚያ የተሻገር ቁጣ መጣ። ሰው ታሞ ቢሞትስ፣ ውሸት ከየት ተማርሽ፣ ሥራ አስፈቅጄ የዋልኩት ለዚህ ነው ወይ አለ። ያለምወርቅ ደረጃው ላይ ሆና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሔርሞን ጫማዋን እያየች ሁሉንም ሰማች።

«እኔም አብሬያት ነበርኩ» አለች ጽዮን ከደረጃው። «የሆነ ነገር እንዳስቀረች ገብቶኝ ነበር። ዝም አልኩ።»

ተሻገር ዞረ። «አንቺ ደግሞ! አፍ የለሽም? እዚህ የምትተኚው አንቺ አይደለሽ? ሁለታችሁም አእምሮ የላችሁም?»

ያን ድምፅ ሔርሞን ታውቀዋለች። ጽዮን አንገቷን ደፋች፤ ግን ወደ ኋላ አላፈገፈገችም፤ እንዲያውም አንድ ደረጃ ወረደች። ቁጣው እንኳ የሔርሞን ብቻ መሆኑ ቀረ።

ተሻገር ሲደክመው እንጨቶቹ ላይ ተቀመጠ። መዶሻውን ወለሉ ላይ አኖረው።

«እሺ። አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ። አንድም ነገር ሳታስቀሪ።»

ሔርሞን ጀመረች። ስለ ኮንክሪቱ፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ አረንጓዴው እንጨትና ከሥሩ ስለሚነጠፈው ፕላስቲክ ነገረችው። ግድግዳው ውስጥ ስለሚወጣው ነገር ስትደርስ የአማርኛው ቃል ጠፋት። በእንግሊዝኛ ብትለው አባቷ ይገባው ነበር። እሷ ግን ወደ ጽዮን ዞረች።

«ያ ዳቦ ሲቆይ የሚወጣበት ነገር፣ ምንድን ነው የምትሉት?» ስትል ጠየቀቻት።