ከግንዱ ስር የነበሩት

የደን ጠባቂው ደረቱን ግንድ ተጭኖት፣ ማጅራቱ ተፈንክቶ፣ ተራራው ጫካ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ያገኘው ጓደኛው ቆጣሪው ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የጫካውን ወፍና አይጥ ሲቆጥር የኖረ ሰው።

«ነፋሱ ግንዱን ከቆመው ደረቅ ዛፍ ገንጥሎ ጣለበት» አለ እያለቀሰ።

ፖሊሶቹ ግን እንጨት ቆራጩን አስረዋል። «አንድ ቀን በመጋዜ እገላገልሃለሁ!» ብሎ በጠባቂው ላይ ሲዝት አገር ሰምቶታል። ምላስ ቢገድል ኖሮ ስንቱ ሰፈር ባዶውን በቀረ!

መርማሪዋ ጉልበቷን እየረገመች ዳገቱን ወጣች። የግንዱን ሆድ ዳበሰች።

«ይሄ ነው ከላይ የወደቀው?»

«አዎ፣ እትዬ» አለ ቆጣሪው።

«በስብሶ ትል ቤት ሠርቶበታል። ቆሞ የደረቀ እንጨት ሆዱ እንዲህ አይርስም።»

ሽቅብ ሃያ እርምጃ ሄዳ ግንዱ ለዓመታት የተኛበትን አገኘች፤ ሣር የነጣበት መሬት፣ የአይጥ መንገድ፣ የተበተነ ጎጆ።

«አይጥ እዚህ ትወልዳለች?»

«ትወልዳለች እንጂ! የቆመው ደረቅ ዛፍ የወፎቹ ቤት ነው፤ የወደቀው የሷ። ሰው ቆሻሻ ይለዋል።»

«ታዲያ ልጆቿስ?»

የቆጣሪው ዓይን ወደ ቆመው ደረቅ ዛፍ ሸሸ።

እስረኛውን ጠየቀችው። «የአይጥ ልጅ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?»

«በጫማዬ ነዋ! ጡጦ ልያዝላት?»

በቆጣሪው ክፍል በኩል አለፈች። የወጥመድ ሳጥኖቹ ተደርድረዋል፤ የተያዘችው አይጥ በብርድ እንዳትሞት በየሳጥኑ ጥጥ ተጎዝጉዟል።

የሟች ሚስት ቤቷ ሳሎን ውስጥ አንገቷን ደፍታ ነበር። «ትናንት ደብዳቤ መጣለት፤ ደረቁን ዛፍ ቆርጣችሁ፣ የወደቀውን አንስታችሁ ጫካውን አጽዱ የሚል። እንጀራው ነውና ፈረመ። ‹እንደ ወንድሜ ለማየው ጓደኛዬ ምን ብዬ እነግረዋለሁ› እያለ ወጣ። ወጥቶ ቀረ።»

መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበችና ጠረጴዛው ላይ ካርቶን አኖረች። አምስት ጸጉር ያላበቀሉ የአይጥ ልጆች በጥጥ ተጠቅልለው ይንጫጫሉ።

«ግንዱ አልወደቀም፤ ቁልቁል ተንከባሎ ነው ሬሳው ላይ የወጣው። ያንከባለለው ሰው ከስሩ እነዚህን አገኘ። ቆራጩ ቢሆን ይረግጣቸው ነበር። ይኼኛው ግን ግንደ ቆርቁር በፈለፈለው የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ፣ ጥጥ አልብሶ አስተኛቸው። ጥጥ ይዞ ጫካ የሚገባ ስንት ሰው አለ?»

ቆጣሪው ቁጭ አለ።

«ፈርሜያለሁ አለኝ። ገፋሁት፤ ድንጋይ ላይ ወደቀ። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት።»

ሚስትየው ቀና አለች። «ለነሱ ጥጥ፣ ለሱ ግንድ? በአንድ ሰሃን ስንበላ ኖረን?»

ቆጣሪው እጆቹን ዘረጋ። ካቴናው ከቆራጩ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ገባ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«እትዬ፣ እናታቸው ሳትርቅ ቦታቸው ይመለሱ።»

ማንም አልተነቃነቀም። ቆራጩ የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ ተነሳ።

«ለአይጥ ሞግዚት ልሁን እንግዲህ!» አለና ካርቶኑን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ጫካው ወጣ።