አቤት ባዩ ኮምፒውተር

ጢን...

መጀመሪያ ድምፁን ነው የሰማነው። ከጓዳ።

የሚስቅ ይስቅ፤ እኔ ለታ ግን ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ባለፈው ሐምሌ፣ ጎባ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ። ዝናቡና ጭጋጉ ቀኑን አስመሽተውታል። ወንድሜ ደራራ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የተቀቀለ ድንች ይልጣል።

"ኢሜይል ገባ" አለኝ።

"በምን ይገባል? መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና አንድ ትልቅ የኢሜይል ኩባንያ አካውንቴን ዘጋብኝ። የሟች እናታችን የድምፅ መልእክቶች በሙሉ እዚያ ነበሩ። ለመንኩ... የሚመልስልኝ ማሽን ብቻ። ያን ቀን ማልኩ፦ ከእንግዲህ የኔ ነገር የሰው ቤት አያድርም!

ከሮቤ ከተማ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁ። ከስልኬ ላይ እያነበብኩ የራሳችንን የኢሜይል ሰርቨር ጓዳ ውስጥ አቆምኩ፤ የሶላር ባትሪም አገናኘሁለት። ሁለት አድራሻ ብቻ፣ የኔና የደራራ። የጻፈልን ሰው መልእክቱ መድረሱን እንዲያውቅም ኮምፒውተሩ በየስማችን ወዲያው "አቤት" ብሎ እንዲመልስ አደረግኩት።

ደራራ ሳቀብኝ። "አንተ ሰነፍ! አቤት ማለቱንም ለማሽን ሰጠኸው?"

አከራያችን እማማ ሸዋርጋ ግን አልሳቁም።

"ጠሪው ሳይታይ አቤት አይባልም ልጄ። ሰው ላይሆን ይችላል። ሦስቴ የመለሰለት ተከትሎት ይሄዳል።"

"ኧረ እማማ፣ እርስዎ ደግሞ! ኮምፒውተር እኮ ነው።"

ያን ቀን ድምፁን እንደሰማን ጓዳ ገባን።

አንድ መልእክት። ለደራራ። ከውጭ የመጣ አይደለም... ከዚያው ከኮምፒውተሩ ነው የተላከው። እኔ ባልከፈትኩት አድራሻ።

"ያ ደራራ!" ይላል።

እናታችን በኦሮምኛ ስትጠራው እንዲህ ነበር።

ከሥሩ ኮምፒውተሩ መልሷል። "አቤት።"

"አንተ ነህ አይደል?" አለኝ በሹክሹክታ። "ለታ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።"

"በእናቴ አፅም! እኔ አይደለሁም።"

ጢን...

"ያ ደራራ!"

"አቤት።"

"ሁለት..." አለ ደራራ። ድንቹ ከእጁ ወደቀ። "አጥፋው! አቦ አጥፋው!"

ገመዱን ከባትሪው መዘዝኩት። ስክሪኑ ጨለመ። የሚሰማው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ሆነ።

"በቃ" አልኩት። "አሁን የሚመልስ የለም።"

እጁን ያዝኩት። አጥብቆ ያዘኝ።

ጢን...

ከጠፋው ኮምፒውተር።

የደራራ እጅ ላላ።

"አቤት" አለ። በገዛ አፉ።

ጣቶቼን ቀስ ብሎ አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ከበሩ ኋላ ጃንጥላውን አነሳ።

"ደራራ! ወዴት ነው?"

ለእኔ አልመለሰም።

ልከተለው እስከ በሩ ሄድኩ፤ ከዚያ ማለፍ ፈራሁ። በሩን ተደግፌ አየሁት። ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ጭጋጉ ይሄዳል። እሱን ዝናቡ ይደበድበዋል...

ጃንጥላውን ወደ ጎን፣ ዝቅ አድርጎ ይዞታል። ትከሻው ጋ ለሚደርስ ሰው እንደሚያዝ።