ደረት ሳይከፈት

«ምንም አይላትም፣ ጋሽ ሸምሶ» አለች ሃሊማ። «ኳሱንም እንደ ሁላችንም ነው የምትጫወተው።»

ሰልሚያ ጓዳ ሆና ትሰማለች። እንዲህ በይልኝ ብላ ጓደኛዋን የለመነቻት ራሷ ናት። ሆኖም አባቷ «አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲያው አያስቸኩልም» ብሎ በእፎይታ ሲተነፍስ ስትሰማ፣ ደስ ይለኛል ብላ ያሰበችውን ያህል ደስ አላላትም።

ነገሩ የጀመረው በሳል ነው። ክረምቱን ሙሉ አልለቃት ሲል ቡታጅራ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ሐኪሙ ደረቷን ደጋግሞ አዳመጠና ወደ አዲስ አበባ ጻፈላት። እዚያ የልብ ሐኪሟ ዶክተር ተናኘወርቅ በአልትራሳውንድ አዩዋት። በሁለቱ የላይኛው የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ቀዳዳ አለው፤ ከተወለደች ጀምሮ የነበረ ነው።

«ዛሬ ነገ የሚገድልሽ አይደለም» አሏት ዶክተሯ። «ግን በራሱ አይዘጋም፤ ዓመታት ከቆየ ልብሽንም ሳንባሽንም ይጎዳል። ደረትሽን ግን አንከፍትም።»

ከመሳቢያቸው አንድ ትንሽ ነገር አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት። ከቀጭን ሽቦ የተጠለፉ፣ መሃላቸው የተያያዘ ሁለት ክቦች ናቸው።

«ይኼ ተጣጥፎ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይገባል። ቱቦውን በብሽሽትሽ የደም ሥር አድርገን እስከ ልብሽ እናደርሰዋለን። እዚያ አንዱ ክብ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሌላው ወዲህ ይከፈትና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ውሎ አድሮ የራስሽ ሥጋ ይሸፍነዋል።»

ሰልሚያ ብዙ ጠየቀች። አባቷ ግን ሽቦውን በጣቱ እንኳ አልነካም።

ችግሩ ለዚህ የተያዘላት ቀጠሮ ነበር። ወልቂጤ ላይ ከሚደረገው የትምህርት ቤቶች የመረብ ኳስ ውድድር ጋር ገጠመ። ለመቺዎቹ ኳስ የምታነሳላቸው እሷ ናት፤ ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ለወራት መጫወት አይፈቀድላትም። እናቷ ከድጄ «ቶሎ ይሠራላት» ትላለች። ከቆሼ ከተማ በርበሬ እያመጣ የሚነግደው አባቷ ግን ፈርቷል። «ካልደከማት፣ ልብ ለምን ይነካል?» ይላል። ሰልሚያም ፍርሃቱን ተጠቀመችበት።

ሃሊማ ለአባቷ ያን ባለች ማግስት፣ ልምምድ ላይ ኳስ ልታነሳ ሮጣ መረቡ ሥር ስትደርስ ዓይኗ ጭልም አለባት። ምሰሶውን ይዛ ቁጭ አለች።

«ምን ሆነች?» አሉ አሠልጣኛቸው መምህር ባዩ ከሜዳው ማዶ።

«ቁርስ አልበላችም፣ ቲቸር» አለች ሃሊማ። ከዚያ አጠገቧ ተንበረከከች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስሚኝ» አለቻት። «ይኼ የመጨረሻዬ ነው፣ ወላሂ። አንድ ነገር ብትሆኚ ‹ምንም አይላትም› ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ውድድሩ እስኪያልፍ ብቻ።»

«አቦ ተይኝ። ያለ አንቺ እንሸነፍ ይሆናል እንጂ አንሞትም።»

ሃሊማ እጇን ይዛ አስነሳቻትና እስከ ቤቷ በር ድረስ ሸኘቻት።

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። አባቷ ወደ ሱቁ ሊሄድ ሲነሳ ሰልሚያ «አብሬህ ልሂድ» አለችው። መንገዱ ዳገት አለው። ወትሮ አብራው ስትወጣ አንድ ቦታ ጫማዋን ለማሰር ታጎነብሳለች፣ ሌላ ቦታ የተሰቀለ ልብስ ለማየት ትቆማለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ነው። ዛሬ ግን አላጎነበሰችም፤ ልብስም አላየችም። ከእርምጃው እኩል እየተራመደች ወጣች።

ዳገቱ መሃል ላይ እግሯ እምቢ አላት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ባጃጁም ሰውም እያለፈ፣ አፏን ከፍታ ተነፈሰች።

«ሰልሚያ፣ ምን ሆንሽ?»

«ሁልጊዜም... እንዲህ ነኝ፣ አባዬ። ጫማዬን የማስረው ለዚህ ነው።» ትንሽ አረፈች። «ሃሊማ የነገረችህ ውሸት ነው። እኔ ነኝ በይ ያልኳት። ውድድሩ እንዳያመልጠኝ።»

ሸምሶ መዳፉን ጀርባዋ ላይ አኖረ። የልቧ ምት እስከ እጁ ተሰማው። ቢቆጣት ትመርጥ ነበር፤ እሱ ግን መዳፉን አላነሳም።

«ብረት ነው እኮ» አለ በመጨረሻ። «ልብ ውስጥ ብረት ሲገባ፣ ቢወልቅስ?»

«እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። ከመልቀቃቸው በፊት ጎተት አድርገው ጠብቆ መያዙን ያያሉ። ካልያዘ መልሰው ያወጡታል። ከለቀቁት በኋላ የሚወልቅ በጣም ጥቂቱ ነው፤ እሱንም ማውጣት ይቻላል አሉኝ።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ። ግን እንዲዘጋ እፈልጋለሁ።»

አባቷ የዳገቱን ጫፍ አየ፣ ከዚያ እሷን። በእጁ ባጃጅ አስቆመ። «ወደ ቤት» አለው ሾፌሩን። ከዚያ ወደ ሰልሚያ ዞረ። «እናትሽ ሻንጣ ታዘጋጅ።»

አዲስ አበባ ላይ በማደንዘዣ ተኝታ ስትነቃ መጀመሪያ ደረቷን ዳሰሰች። ፋሻ የለም። ብሽሽቷ ላይ ብቻ ትንሽ ፕላስተር ተለጥፎላታል። ዶክተር ተናኘወርቅ ምስሉን አሳዩዋት፤ ሁለቱ ክቦች ግድግዳውን ግራና ቀኝ ይዘውታል። «ልክክ ብሏል» አሉ። ሸምሶ ምስሉን ደጋግሞ አየና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሃሊማ ደግሞ ከወልቂጤ ደወለች፤ ለፍጻሜ ሳያልፉ ተሸንፈዋል። «ኳስ የማነሳው እኔ ነበርኩ፣ አትጠይቂኝ» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

ቡታጅራ በተመለሱ ማግስት ጎረቤት ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። ሸምሶ በር ላይ ተቀብሎ «ትንሽ ጨጓራዋን ነው» ሲላቸው ሰልሚያ ከአልጋዋ ሰማችው። ለምን እንዳለው ገብቷታል። ሴት ልጅ ናት፤ የልብ በሽተኛ ናት ከተባለ ወሬው ለዓመታት ይከተላታል ብሎ ነው።

ሴቶቹ ገቡ። «አላህ ያሽርሽ» አለች አንዷ። «ጨጓራ ክፉ ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ።»

ሰልሚያ አባቷን አየችው። እሱ አንገቱን ደፋ።

«ጨጓራ አይደለም» አለች ቀና ብላ ተቀምጣ። «ልቤ ውስጥ ቀዳዳ ነበር። ደረቴን ሳይከፍቱ ዘጉልኝ።»

ሴቶቹ ተያዩ።

«እንዴት ነው ሳይከፍቱ?» አለች ሴትየዋ።

ሰልሚያ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።