ከላይ ቢዝነስ፣ ከታች ካዥዋል

«እስቲ ዙር» አለች የልጅቷ እናት ባሏን። ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነክሳለች።

አባቷ መስታወቱ ፊት ዞረ። ከላይ የሠርጉን ኮት ለብሷል፤ ያን የሚያብረቀርቀውን፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለውን። ከታች የአጎቷን ጂንስ አጥልቋል። ጂንሱ ጉልበቱ ላይ በፋሽን የተቀደደ ሲሆን፣ ወገቡ አልዘጋ ስላለ ጉዱን የሸፈነው ቀበቶው ነው።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«ሽክ ብለሃል» አለች ልጅቷ። ዓይኗን ግን ከጂንሱ ላይ አሸሸች።

ጥፋቱ የእሷ ነው። አባቷ አሥራ ሰባት ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ወገቡ እምቢ ሲለው፣ ድርጅቱ ወደ ስምሪት ክፍል አዛወረው። ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ ቁጭ ብሎ የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ ይመድባል። ደብዳቤው ታዲያ ከግርጌው «አለባበስ፦ ቢዝነስ ካዥዋል» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ካኪ ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው ይኼ እንቆቅልሽ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ይኼን ፍቺልኝ» ብሎ ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤውን ሰጣት። ፕሮፌሰር የሚላት በእንግሊዝኛ ከክፍሏ አንደኛ ስለሆነች ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ፣ በዚህ ማዕረግ ላይ፣ አላውቅም ማለት ሞት መሰላት።

«ይኼማ ቀላል ነው፤ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ። «ግማሹ ቢዝነስ፣ ግማሹ ካዥዋል። ከላይ ኮት፣ ከታች ጂንስ!»

እሱ ደግሞ ማመን ብቻ መች በቃው! ላገኘው ሹፌር ሁሉ «ልጄ ተረጎመችልኝ» እያለ አወራ።

«የቢሮ ሰዎች አፋቸው አያርፍም» አለ አሁን ኮቱን እየጎተተ። «ገና በሩን ስከፍት "ሹፌሩ መጣ" ነው የሚሉት። በልብሴ እንኳ እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው። አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆኜ ነበር።»

ይቺ የመጨረሻዋ ንግግር ወጋቻት። ዝም ብትል ሰኞ ጠዋት መሳቂያ የሚሆነው እሱ ነው። ብትናገር ደግሞ ፕሮፌሰርነቷ አበቃለት።

«አባዬ፣ አልተማርነውም።»

«ምኑን?»

«ገምቼ ነው። አላውቅም ማለት አፍሬ።» እንባዋ መጣ። «ማንም ሰው እንዲህ የሚለብስ አይመስለኝም።»

እናቷ ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ በሳቅ ፈነዳች። «እኔኮ ጉልበቱን ሳየው ጠርጥሬያለሁ! ቢሮ ልትገባ ነው ወይስ ኳስ ልትጫወት?»

አባቷ አልሳቀም። ጂንሱ እንዳይተረተር ቀስ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ነይ እስቲ» አላት። አጠገቡ ተቀመጠች።

«እኔም ዋሽቻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኮምፒውተር ትችላለህ ወይ ሲሉኝ "አሳምሬ!" ብያቸዋለሁ። ማብሪያው የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

«አባዬ!»

«ታዲያ አንቺ በማን ወጣሽና!»

እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ይኼን ሰውዬ እንዴት እንደምትወደው! ከዚያ ስልኩን አነሳች። «እንጠይቃቸው። ገና አሥር ሰዓት ነው፣ ከቢሮ አልወጡም።»

ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ለእሱ ሰጠችው። የስምሪት ክፍሉ ጸሐፊ አነሳች።

«እህቴ፣ ሰኞ እናንተ ጋ ሥራ የምጀምረው ሹፌር ነኝ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ቢዝነስ ካዥዋል ያላችሁት አልገባኝም።»

ጸሐፊዋ ሳቀች፤ የክፋት ሳቅ ግን አልነበረም። «ጋሼ፣ እኛስ መች ገባን! ንጹህ ሸሚዝና የጨርቅ ሱሪ ይበቃዎታል። ክራቫትም አያስፈልግም።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ልጅቷ ልትዘጋው እጇን ዘረጋች። አባቷ ግን ስልኩን ራቅ አደረገባት። ቀና ብላ አየችው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ቆይ እህቴ፣ አትዝጊው» አለ። «ስለ ኮምፒውተሩም የምነግርሽ ነገር አለ።»